ስለ ሠዓሊው ቤትና ስለ እናታችን ዕቃ

በዚህ ዐምድ ስለ ልጆች አስተዳደግ፥ ስለ ቤት ንጽሕናና ስለ እንግዳ አቀባበል ስንጽፍ ቆይተናል። ዛሬ ግን ሥዕል ስለሚታይበት አንድ ቤት ለመጻፍ ተነሣን። ያነሣሣንም የአንድ ወዳጃችን ጥያቄ ነው። ይህ ወዳጃችን ሹመትም ዕውቀትም ያልጎደለው ሰው ሲሆን፥ በአንድ የሰንበት ግብዣ ላይ፤ «ልጆቼን ይዤ ሥዕል ወደሚታይበት ቤት ብሄድ ምን እጠቀማለሁ? በቤተ ክርስቲያን ያለውን ሥዕል እንሳለመዋለን፤ በዚያ ያለውን ግን ቆሞ ከማየት በቀር ምን ይደረግለታል?» ብሎ ጠየቀን።

ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። እኛም ራሳችን በቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥረን ዳዊት የደገምን ስለ ሆንን፥ ሥዕል ማለት መጋረጃው ተገልጦ የሚታይ፥ ታይቶም የሚሰገድለት ነገር ነው ብለን ነበር ያደግነው። ኋላ በእምድብር በሚሲዮን ትምህርት ቤት በገባን ጊዜ፥ አስተማሪያችን የውጭ አገር ሥዕሎች የታተሙበትን አንድ መጽሐፍ እያገላበጡ ሲያሳዩን፥ ከመካከላችን አንዱ ልጅ ገጹን ሊሳለም ጎንበስ ቢል ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። ያ ልጅ ማን እንደ ነበረ መናገር አያስፈልግም። ስለዚህ ወዳጃችንን በክርክር ከመርታት ይልቅ፥ ያየነውንና ከዚያም የተነሣ በቤታችን የሆነውን ብንነግረው ይሻላል ብለን ይህን ጻፍን።

በ2001 ዓ.ም. በጥር ወር እናታችን፥ በአገራችን ቋንቋ አዶት የምንላቸው፥ ለዓይናቸው ሕክምና ከእምድብር ወደ አዲስ አበባ መጡ። መንገዱ በጉብሬ፥ በወልቂጤ፥ በወሊሶና በሰበታ የሚያልፍ ሲሆን፥ ከወልቂጤ ወዲህ ያለው ብቻ ከ150 ኪሎ ሜትር ይበልጣልና በእርጅና ለሚጓዝ ሰው ቀላል አይደለም። የዓይናቸው ሞራ ከተነሣላቸው በኋላ ሐኪሙ ሁለት ሳምንት ከዚሁ እንዲቆዩ አዘዘ። እርሳቸው ግን ሥራ ፈትቶ መቀመጥን የማያውቁ ሴት ናቸውና፥ በአራተኛው ቀን የባለቤታችንን ማሰሮዎች አንድ በአንድ እያነሡ ጉድፋቸውን ይነግሩን ጀመር። ዓይናቸው መዳኑን ያወቅነው በዚህ ነው። የቤታችንም ሰላም እንዲጠበቅ፥ እርሳቸውም እንዳይሰለቹ ብለን፥ በአሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ ሰፈር ወዳለው ወደ ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ ቤት ወሰድናቸው። ባለቤታችንና ትንሿ ልጃችንም አብረውን ነበሩ።

ስለ ባለቤቱ ጥቂት እንናገር። አፈወርቅ ተክሌ ጥቅምት 12 ቀን 1925 ዓ.ም. በአንኮበር ተወለዱ። ጠላት ከአገራችን ከወጣ በኋላ፥ የማዕድን ምሕንድስና ተምረው እንዲመለሱ ገና በልጅነታቸው ወደ እንግሊዝ አገር ተላኩ። ዳሩ ግን ልባቸው ወደ ሥዕል አዘነበለና በለንደን ከተማ አስቀድመው በሴንትራል የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፥ ቀጥሎም ስሌድ በሚባለው ትምህርት ቤት ሥዕል ተማሩ። የመንግሥት ገንዘብ ለማዕድን ወጥቶ ሥዕል ይዞ መመለስ ያን ጊዜ ላለ ሹም ምን ያህል እንዳስደነገጠው መገመት ይቻላል። ሆኖም ከተመለሱ በኋላ ሥራቸው ራሱ መሰከረላቸው። በአዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ ያለው፥ ስፋቱ 150 ካሬ ሜትር የሆነው የመስታወት ሥዕል የእጃቸው ሥራ ነው። አዳራሹ በ1953 ዓ.ም. ተመርቆ ተከፈተ፤ በቅርቡም ለብዙ ዓመታት ሲታደስ ቆይቶ በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. እንደ ገና ተከፍቷል። ሥዕሉ ሦስት ክፍል ሆኖ የአፍሪካን ያለፈውን፥ ያለውንና የሚመጣውን ዘመን ያሳያል። ሠዓሊው ሚያዝያ 2 ቀን 2004 ዓ.ም. ዐርፈው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ።

በሕይወት ሳሉ የሚጠሩበት ማዕረግ እጅግ የተከበሩ የዓለም ሎሬት ሜትር አርቲስት የሚል ነበር። ይህን ለእናታችን በመንገድ ላይ ብናነብላቸው፤ «ይህ ሁሉ የአንድ ሰው ስም ነውን?» ብለው ጠየቁ። የአንድ ሰው መሆኑን ብንነግራቸው፤ «እንግዲያው ከቤት ቢጠሩት ደጅ እስኪደርስ ስሙ አያልቅም» አሉ። ማዕረግ የሚወዱ አንባቢዎቻችን ይህን ለአንዲት ባላገር ሴት ይቅር እንዲሉላት እንለምናለን።

የቤቱን ንድፍ ያወጡት ሠዓሊው ራሳቸው ናቸው፤ ስሙንም ቪላ አልፋ ብለውታል። አልፋ የጽርዕ ፊደል መጀመሪያ መሆኑን የራእይን መጽሐፍ ያነበበ ሁሉ ያውቃል። ከውጭ ሲያዩት የጎንደርን ግንብ ያስታውሳል። ወደ ውስጥ ሲገቡ ግን የዘመናችን ቤት ነው፤ የተሠራውም ለመብላትና ለመተኛት ሳይሆን ለሥዕልና ለብርሃን ነው ማለት ይቻላል።

ስለ ብርሃን ይህን ማወቅ ይጠቅማል። በአውሮፓ ያሉ ሠዓሊዎች የሥራ ክፍላቸውን መስኮት ወደ ሰሜን ያዞራሉ፤ በአገራቸው ፀሐይ ዓመቱን ሁሉ በደቡብ በኩል ስለምታልፍ፥ ከሰሜን የሚመጣው ብርሃን ለስላሳና ከጧት እስከ ማታ የማይለዋወጥ ነውና። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ዘጠኝ ዲግሪ ብቻ የራቀች ከተማ ናት። ስለዚህ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ ፀሐይ በቀትር በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ በቀረው ወራት ደግሞ በደቡብ። በእኛ አገር ሥዕልን ከፀሐይ ለመጠበቅ የሚያስብ ሰው የአውሮፓን መጽሐፍ ብቻ አይቶ መስኮቱን ቢከፍት፥ በክረምት መግቢያ ቀለሙ ሊገረጣበት ይችላል። ቤት የምታሠሩ አንባቢዎቻችን፥ በእልፍኛችሁ የአባቶቻችሁን ፎቶግራፍ ከመስቀላችሁ በፊት ፀሐይ በሰኔ በየት በኩል እንደምትገባ ብታዩ መልካም ነው። የእኛ የሠርግ ፎቶግራፍ በዚህ ምክንያት ገርጥቶ፥ ሚዜያችንን ከግድግዳው መለየት አይቻልም።

ወደ ነገራችን እንመለስ። እናታችን ወደ ሥዕሉ ክፍል በገቡ ጊዜ ነጠላቸውን አጣፍተው፥ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው እንደ ሽማግሌ ይሄዱ ነበር። ከየሥዕሉ ፊት ይቆማሉ፤ አይናገሩም፤ ያልፋሉ። የሚያስጎበኘን ሰው የእያንዳንዱን ሥዕል ስም፥ የተሠራበትን ዓመትና በየትኛው አገር እንደ ታየ ሳይሳሳት ይነግረን ነበር። እናታችን አማርኛ የሚሰሙት በግማሽ ልብ ስለ ሆነ የሚሰሙት አልመሰለንም።

«የመስቀል አበባ» ከሚባለው ስመ ጥር ሥዕል ፊት በደረስን ጊዜ ግን ቆሙ። ያልናቸውን ሁሉ ትተው ብዙ ቆዩ። በጉራጌ አገር መስቀል ምን እንደ ሆነ ለማያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት ያስቸግራል። በሩቅ አገር ያለ ልጅ ሁሉ የሚመለሰው፥ የታረቀና ያልታረቀ በአንድ ቤት የሚበላው፥ የዓመቱ ሒሳብ ሁሉ የሚዘጋው በመስቀል ነው። በሥዕሉ ላይ ያለችውን ወጣት በአገጫቸው እያመለከቱ፤ «ይህች ልጅ ስሟ ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። አስጎብኚው፤ «እማማ፥ የሥዕሉ ስም የመስቀል አበባ ይባላል» አላቸው። «የሥዕሉንማ ቅድም ነግረኸናል። የጠየቅሁህ የልጅቱን ነው» አሉት። ሰውየው ፈገግ ብሎ ዝም አለ።

ከዚያም በአገራችን ቋንቋ ወደ እኛ ዞረው፤ «ይህ ሁሉ ስምና ዓመት በጽሑፍ አለን?» አሉን። እኛም፥ የጽሕፈት ሰው በመሆናችን ጥቂት ኩራት እየተሰማን፤ «አለ እንጂ፤ ሥዕል በየዓይነቱ ይመዘገባል፤ ያልተመዘገበ ቢጠፋ በምን ይጠየቃል?» ብለን መለስን። ይህ ቃል ከአፋችን በወጣ ጊዜ ልንመልሰው ብንወድም አልተቻለንም። እናታችን ጥቂት ዝም ብለው ቆይተው፤ «የእኔንስ እንዴት አድርገህ ጻፍኸው?» አሉን።

አንባቢዎቻችን ነገሩ እንዲገባችሁ ወደ ኋላ መመለስ አለብን። አባታችን በ2000 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ ተዝካሩ ከወጣ በኋላ የአገር ሽማግሌዎች ተሰብስበው፤ «ከወንድሞችህ መካከል የፍርድ ቤት ጸሐፊ አንተ ነህና የቤቱን ንብረት ዝርዝር አንተ ጻፍ» አሉን። ጻፍን። ጽሕፈቱም ያማረ ነበር። መሬቱን በአራት ወሰኑ፥ ከብቱን በጠጉሩ፥ የባሕር ዛፉን በቁጥር፥ ሬዲዮውን ከነሠሪው ስም አስገባን። ከዚያም ወደ ትልቁ ቤት ገባን።

የአገራችንን ቤት ላላየ ሰው ጥቂት እንግለጽ። በቸሃ ጀፎረ የሚባል ሰፊ የሣር መንገድ አለ፤ ከብት የሚያልፍበት፥ ልጆች የሚጫወቱበት፥ ሠርግና ለቅሶ የሚቆምበት ነው። ቤቶቹ ፊታቸውን ወደዚህ መንገድ አዙረው በግራና በቀኝ ይሰለፋሉ፤ ከኋላቸው እንሰት ተተክሏል። ትልቁ ቤት ክብ ሆኖ ጣራው የሣር ክዳን ነው፤ ይህንንም ክዳን በመካከል የቆመ አንድ ምሰሶ፥ ከእርሱም ወደ ዙሪያው እንደ ጃንጥላ ዘንግ የተዘረጉ እንጨቶች ይሸከሙታል። ከምድጃው የሚወጣው ጢስ ወደ ላይ ሄዶ ሣሩንና እንጨቱን ከምስጥና ከነቀዝ ይጠብቃል፤ ስለዚህ እሳት የማይነድበት ቤት ፈጥኖ ይወድቃል። መስኮት የለውም። ብርሃን የሚገባው በበሩ ነው፤ ገብቶም ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ ያርፋል። የቤቱ እመቤት ዕቃዋን የምትሰቅለውና የምትደረድረው በዚህ ግድግዳ ላይ ነው፤ በጢስ ብዛት እንደ ቀንድ የጠቆረው ጣባ፥ ጀበናው፥ ማሰሮው፥ የቀንዱ ማንኪያና ዋንጫ፥ የእንጨቱ ገበታ፥ የተጠቀለለው ጅባ በየቦታው አለ። መስቀል ሲደርስ ሴቶቹ ሁሉን አውርደው ያጥባሉ፤ ግድግዳውን እንደ ገና ለስነው፥ ወለሉን አለስልሰው ዕቃውን ወደ ነበረበት ይመልሳሉ። አንዱ እንኳ ከቦታው አይለወጥም። በጧት በሩ ሲከፈት ዕቃው ሁሉ በብርሃኑ ያብረቀርቃል። ለሥዕል ብርሃን የሚጨነቁት የአውሮፓ ሰዎች ይህን ቢያዩ ምን ይሉ ይሆን?

እኛ ግን በዚያ ቀን ደክሞን ነበር። ሽማግሌዎቹም ቡና ቀርቦ ይጠብቁን ነበር። በዝርዝሩ በ17ኛው ቁጥር፤ «ልዩ ልዩ የሸክላና የእንጨት ዕቃ፤ በግምት ብር 200» ብለን ጻፍንና በሁለት ምስክር ፊት ፈረምን።

የተጻፈው ይህ ስለ ሆነ የሆነውም ይህ ሆነ። ከወራሾቹ አንዱ ገንዘብ በቸገረው ጊዜ ዘጠኝ ዕቃ ከግድግዳው አውርዶ ወደ ወልቂጤ ገበያ ወሰደ፤ ለጎብኚ ለሚሸጥ ነጋዴም ሰጠው። እናታችን ቢጠይቁት፤ «ልዩ ልዩ ዕቃ ነው፤ ከልዩ ልዩ ዕቃ የእኔን ድርሻ ወሰድሁ» አለ። በሕግም ቢሆን መልሱ ቀላል አይደለም። በዝርዝር ያልተጻፈን ዕቃ ይህ ነው ብሎ መጠየቅ ያስቸግራል። ይህንንም ከእኛ ይልቅ የሚያውቅ የለም፤ በየዕለቱ በዚህ ምክንያት የሚዘጋ መዝገብ እናያለንና። ወንድማችንን ለመውቀስ ብዕራችን አይነሣም፤ በሩን የከፈትንለት እኛ ነን።

እናታችን ይህን ሁሉ ያውቁ ነበር። ማንበብ ባይችሉም ዝርዝሩ በተነበበ ጊዜ ሰምተዋል። አንድ ዓመት ሙሉ አንድም ቃል አልተናገሩንም። በሠዓሊው ቤት ቆመው፤ «የእኔንስ እንዴት አድርገህ ጻፍኸው?» ባሉን ጊዜ ግን መልስ አጣን። ትንሿ ልጃችን ነጠላቸውን እየጎተተች የሚቀጥለውን ሥዕል እንዲያዩ ስትለምናቸው ተከትለዋት ሄዱ።

በመመለሻችን በታክሲ ውስጥ እንዲህ አሉን፤ «ትልቁን ጣባ የሠራችው ሴት ለሠርጌ ጊዜ ሦስት ቀን በእግሯ ሄዳ አፈር አመጣች። እናቴ አንድ ሙክት ሰጠቻት። ጣባው በወልቂጤ ተሸጧል። ሴትዮዋም ሞታለች። ስሟን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።»

በ2002 ዓ.ም. መስቀል ወደ እምድብር በወረድን ጊዜ አዲስ ደብተር ይዘን ሄድን። እናታችን ከግድግዳው ፊት በበርጩማ ተቀመጡ፤ እኛም ከእግራቸው አጠገብ በጅባ ላይ ተቀምጠን መጻፍ ጀመርን። የእያንዳንዱን ዕቃ ስም፥ ማን እንደ ሠራው፥ በምን ተገዛ፥ በየትኛው ዓመት ገባ፥ ምን ይበላበት ወይም ይጠጣበት እንደ ነበረ ጠየቅናቸው። ዓመቱን የሚቆጥሩት በቁጥር ሳይሆን በልጅ መወለድና በሰው ሞት ስለ ሆነ፥ ወደ ዓመተ ምሕረት ለመለወጥ ብዙ ደከምን። አንዱ ጀበና ለምሳሌ «ጎረቤታችን ሁለተኛ ሚስት ያገባ ጊዜ» የገባ ነው፤ ይህን ዓመት ለማግኘት ጎረቤታችንን መጠየቅ ነበረብን፤ እርሱም አልወደደውም። የተሸጡትን ዘጠኙንም ጻፍናቸው፤ ሥፍራቸውም በግድግዳው ላይ ከጢሱ ተለይቶ ነጣ ብሎ ይታይ ነበር።

በዚህ ሥራ ውስጥ እጅግ ያስገረመን አንድ ነገር አለ። በአገራችን ሸክላ የሚሠሩትና እንጨት የሚጠርቡት ሰዎች ለብዙ ዘመን ተንቀው የኖሩ ናቸው። የቤታችንን ምሰሶ ቆርጠው የሚያቆሙ እነርሱ ሆነው ሳሉ፥ ካቆሙት ቤት ገብተው ከባለቤቱ ጋር በአንድ ገበታ አይበሉም ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አንጥረኛውን፥ ሸማኔውን፥ ሸክላ ሠሪውንና ሌላውንም ሠራተኛ በሥራው ምክንያት መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር። ግን አዋጅ በአንድ ቀን ይነገራል፤ ልማድ ግን ከምድጃ አጠገብ ተቀምጦ ይኖራል። እኛም ከአዋጁ መቶ ዓመት በኋላ፥ የተማርን ነን እያልን፥ የሬዲዮውን ሠሪ ስም ጽፈን የጣባውን ሠሪ ስም «ልዩ ልዩ» ብለን አለፍን። እናታችን ግን ስማቸውን ሁሉ ያውቁ ነበር፤ የአባታቸውንም ስም ጨምረው ይነግሩን ነበር። ስሞቹን በዚህ ጋዜጣ ያላወጣናቸው የልጆቻቸውን ፈቃድ ስላልጠየቅን ነው፤ በደብተራችን ግን በሙሉ ተጽፈዋል።

የሠዓሊ ቤት ወይም የባለጸጋ ቤት የሥዕል ማሳያ መሆኑ በሌላ አገርም የተለመደ ነው። በጀርመን አገር ክሬፌልድ በሚባል ከተማ የሐር ፋብሪካ የነበረው ሄርማን ላንገ የተባለ ሰው፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1928 እስከ 1930 ድረስ ሚስ ፋን ደር ሮኤ በሚባለው መሐንዲስ ቤት አሠራ። ቤቱ ጌጥ የሌለው፥ በቀይ ሸክላ ጡብ የታነጸ፥ መስኮቱ እንደ ግድግዳ የሰፋ ነው። አባትየው ከሞተ በኋላ ልጁ ከ1955 ጀምሮ ከተማው የዘመኑን ሥዕል እንዲያሳይበት ፈቀደ። ከዚያ ከተማ እጅግ ሩቅ ባልሆነችው በኮሎኝ፥ በዚያው ዘመን ገደማ፥ የሐረር ተወላጅ የሆኑት ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሥዕል ይማሩ ነበር። እርሳቸው በ1973 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በስደት ዐረፉ። በሕይወት ሳሉ ወደ አገራቸው ሳይመለሱ ቀሩ፤ በጀርመን አገር ከቀሩት ሥዕሎቻቸው ግን ጥቂቶቹ ተመልሰው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስማቸው በተሰየመው ሙዚየም ተቀምጠዋል። ሥዕል ከሠዓሊው ይልቅ ለመመለስ ዕድል አለው ማለት ነው፤ መዝገብ ካለው።

ወዳጃችን ምን እጠቀማለሁ ላለው፥ ስለ ልጆች የምናውቀውን ጥቂት ምክር እንጨምርለት። ልጆችን ወደ ሥዕል ቤት ስትወስድ ሁሉን አሳያለሁ አትበል፤ ከአምስት ወይም ከስድስት ሥዕል በላይ ያየ ልጅ የሚያስበው ስለ ምሳው ነው። ከመሄድህ በፊት ቤቱ በዚያ ቀን ክፍት መሆኑን ጠይቅ፤ እንዲህ ያለ ትንሽ ቤት እንደ ትልቅ መሥሪያ ቤት የተወሰነ ሰዓት የለውም፤ ባለቤቱም ካለፈ በኋላ ሁኔታው ሊለወጥ ይችላል። ልጁን፤ «የትኛው ያምራል?» ብለህ አትጠይቀው፤ ያንተን ፊት አይቶ ይመልሳልና። ይልቁንም፤ «ለአያትህ ሄደህ የምትነግራት የትኛውን ነው?» በለው። አያቱን ይዘህ ብትሄድ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል፤ ለሚመጣብህ ጥያቄ ግን ተዘጋጅ።

በ2017 ዓ.ም. መስቀል ወንድሞቻችን ሁሉ በእምድብር ተሰበሰቡ። እናታችን አሁን እጅግ አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ግን ደኅና ነው። ከክትፎው በኋላ ያው የቆየው ነገር ተነሣ። ትልቁ ቤት ክዳኑ አርጅቷል፤ የክዳን ሣር ተወድዷል፤ ሣሩን የሚያውቁ ከዳኞችም ጥቂት ሆነዋል፤ ስለዚህ ቤቱ ፈርሶ በብሎኬትና በቆርቆሮ ይሠራ የሚሉት በዙ። የሚናገሩትም ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ለሣር የሚወጣው ገንዘብ ለአንድ ልጅ የትምህርት ቤት ወጪ ይበቃል። እኛ ከሩቅ ሆነን ቤቱ ይቆይ እያልን፥ በዝናብ የሚያፈስበት ግን ከዚያ ያለው ወንድማችን ነው። ይህንም አልካድንም።

በዚህ ጊዜ እናታችን ደብተሩ እንዲነበብ አዘዙ። ከአንድ እስከ 41 አነበብን። ከልጆች በቀር የተንቀሳቀሰ አልነበረም። ዘጠኙን ዕቃ የሸጠው ወንድማችን ቁጥር 6 ላይ፥ ማለት ትልቁ ጣባ ላይ በደረስን ጊዜ ተነሥቶ ወደ ደጅ ወጣ፤ ንባቡ ሳያልቅም ተመልሶ በበሩ አጠገብ ተቀመጠ። በመጨረሻው ቁጥር 41 ምሰሶው ተጽፏል፤ ዛፉ ከየት እንደ ተቆረጠ፥ ማን እንደ ጠረበው፥ ስንት ሰው እንደ ተሸከመው። ከንባቡ በኋላ ክርክሩ እንደ ገና ቀጠለ፤ መልስም አልተገኘለትም። ለሚመጣው መስቀል ተቀጥሯል፤ ክዳኑም እስከዚያ ድረስ በአንድ በኩል እንዲጠገን ገንዘብ አዋጣን። በሥራ ቤታችንም ብዙ ነገር የሚኖረው በቀጠሮ ነውና አላዘንንም።

በማግሥቱ ጧት አንድ ወጣት ሰው ወደ ቤታችን መጣ። በከተማ የእንጨት ሥራ ቤት ያለው ነው። እናታችን ትናንት ማታ ስሙ ሲነበብ የሰሙት የምሰሶው ጠራቢ አያቱ እንደ ሆኑ ሰምቶ መምጣቱን ነገረን። ወደ ውስጥ አስገባነው። ጫማውን በበሩ አውልቆ ገባና ምሰሶውን በመዳፉ ከታች ወደ ላይ እየዳሰሰ ዞረው፤ የመጥረቢያው ምልክት ባለበት ቦታ ላይ ጣቱን አቆመ። እናታችን ከእርሳቸው አጠገብ እንዲቀመጥ አድርገው ቆጮና አይብ አቀረቡለት፤ ከአንድ ገበታም አብረውት በሉ። ከበላ በኋላ፥ እያፈረ፥ የአያቱ ስም ያለበት መስመር ይገለበጥለት ዘንድ ለመነን። በአንድ ንጹሕ ወረቀት ላይ ቁጥር 41ን እንዳለ ገልብጠን፥ ትክክለኛ ግልባጭ መሆኑን ጽፈን ከሥሩ ፈረምንበት። ሁለት ጊዜ አነበበውና በአራት አጥፎ በደረት ኪሱ አገባው።